ለአባባ፣ ስለዚያ 9 ነጥብ

አባባ፣ እንደምን ሰነበትክ?

እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ። ደብዳቤ አጻጻፍ ስታስተምር ይህችን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዛት ነበር። «ናፍቆት በሽታ ነው እንዴ?» እያልክ። ምን ላድርግ፣ ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ፊደሉን አተልቄ ነው ያተምኩት። ወረቀቱ የበዛው ለዚያ ነው እንጂ ወሬው ያን ያህል ሆኖ አይደለም።

እሁድ እሁድ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሦስት እሁድ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ፊልም አውርተን ዘጋን።

በመጀመሪያ የልጆቹን ልንገርህ። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ድምፁም ጎርነን ብሏል፤ ስልክ ሲያነሳ ሰው አባቱ እየመሰለው ያወራዋል። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ነው። አማርኛውን አትጠይቀኝ። ትንሿ ደግሞ ሰሞኑን ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ይወረወራል ብዬ ተናግሬ ነበርና አለቀቀችኝም። አፓርታማ ውስጥ ጣሪያ ከየት ይመጣል? ወርደን የመኪና ማቆሚያው ክዳን ላይ ወረወርንላት። ጥበቃው ቆሞ ያየናል። ምን ብዬ ላስረዳው?

ቅዳሜ ማታ ለሦስት ሆነን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አየን። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የገባው፣ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው ያልኩህ። የዘጠኝ ዓመት ልጅና በጉ። ትንሿ ፊልሙን በሙሉ «ያርዱታል? ንገሪኝ፣ ያርዱታል?» እያለች ክንዴን ቆንጥጣ ጨረሰችው። 10 ሰጠች። ትልቁ 6። «ይንቀራፈፋል» አለ። ይሁን እንጂ ልጁ ሳምቡሳ ሲሠራ ያየውን ይዞ በማግስቱ እኔም ልሥራ ብሎ ወጥ ቤት ገባ። ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ምድጃው ላይ ደፋብኝ። እኔ 8 ሰጠሁ። አባትየው ልጁን ዘመድ ቤት ትቶ ሥራ ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ ላይ ግን ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ሄድኩ። በእኛ ቤት ትታ የሄደችው ልጅቱ ናት።

ነጥብ መስጠቱን ከማን እንደወረሱት ታውቃለህ። ትልቁ ስልኩ ላይ በኮከብ ነው የሚሰጠው፣ ከአምስት። «ከአምስት ደግሞ ምን ነጥብ አለ!» ብለህ ተቆጥተህ ነበር። ያንተ ከአስር ነው። ግማሽ ይቻላል፣ ሩብ አይቻልም። 10 ለማንም አይሰጥም። ባለ 50 ሉክ ደብተር፤ ርዕስ፣ ቀን፣ ነጥብ፣ አንድ መስመር አስተያየት። የእማዬ የህንድ ፊልሞች ሳይቀሩ ገብተውበታል። እማዬ ካለቀሰች 8፣ ሁለቴ ካለቀሰች 8½። (ሦስቴ ያለቀሰችበትን 9 አለማድረግህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት አልተወችልህም።)

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አስታወስከው? ዲቪዲውን የገዛሁልህ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ከራሱ ከኃይሌ ገሪማ መጻሕፍት ቤት ከሳንኮፋ ነው። ስታየው ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አልነበረህም። በ1966፣ አገሩ ሁሉ ሲናወጥ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ ያ ሁሉ ነገር መያዙ ገረመህ። «ገበሬው ሲደክመው ካሜራውም አብሮ ይደክመዋል» ብለህ ጻፍክ። ከዚያ ወደ ዘመቻው ወሬ ገባህ፣ ወደ ሐረርጌ፣ ወደዚያች ጣሪያዋ የሚያፈስ ክፍል። 9½ ሰጠኸው። ግማሿን ለምን ቀነስካት ስልህ «ረዘመ» አልክ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ እውነትህን ነው።

«ጤዛ» አዲስ አበባ ሲታይ ሲኒማ ቤት ገብተህ ነው ያየኸው። በቬኒስ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕቱን ሽልማት አግኝቶ፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዶ ነበር። ደውለህ «ጣናን ሲያሳይ አዳራሹ በሙሉ እፍ ያልከው ሻማ ሆነ» አልከኝ። 9። አምና ደግመህ አየኸውና ወደ 7 አወረድከው። ለምን ስልህ «ጀርመንኛ የሚያወሩበት ቦታ አይገባኝም፤ ከሥር ያለው ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ ያልፋል» አልክ። «አባባ አረጀህ!» ብዬ ሳቅኩብህ። አንተም ሳቅክ። አሁን ያን ሳቅ ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ የውጭ ፊልም አትላኪ ማለት ጀመርክ። «ያገራችንን ነው የምወድ።» የስለላ ፊልም ሲባል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው!

እና ባለፈው ወር «ፋያ ዳዪ»ን በፍላሽ ላኩልህ። ጄሲካ በሽር ሐረር ሄዳ ዓመታት የፈጀችበት፣ ስለ ጫት የሆነው ሁለት ሰዓት ፊልም። አስቤበት ነው የመረጥኩት። አብዛኛው ኦሮምኛ ነው፣ ለአንተ ጽሑፍ አያስፈልገውም። አገሩም አገርህ ነው ማለት ይቻላል፣ ስንት ዓመት አስተምረህበታል። እሁድ ደወልኩ። ቀይ ሽንኩርት እያቁላላሁ ስልኩን ትከሻዬ ላይ አጣብቄ ነበር። እንዲህ አልከኝ፦

«አወዳይን ያየሁ መሰለኝ! ያ አረንጓዴው! ጠዋት ጤዛ ያረፈበት ጫት እንዴት አድርጋ ነው ያነሳችው! 9።»

«እውነትህን ነው አባባ» አልኩህ።

አባባ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቅጠሉም፣ ጭሱም፣ የልጆቹም ፊት። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለውም።

ስልኩን ዘጋሁ። ሽንኩርቱ አርሮ ነበር። ደፋሁት፣ ሌላ ከተፍኩ፣ እሱንም አሳረርኩት።

በማግስቱ ሚሚን የደብተርህን የመጨረሻ ገጽ ፎቶ አንሺልኝ አልኳት። ላከችልኝ። ማስመሪያ ሳትይዝ ቀጥ አድርገህ የምትጽፍ ሰው ነበርክ። ሰሌዳ ላይ እንኳ። አሁን አንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጥቷል። «ፋያ ዳዪ» የሚለው «ጤዛ» ላይ ተጽፏል። 9ኟ ከወረቀቱ ልትወድቅ ዳር ላይ ቆማለች።

ሚሚ፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ፊደል አተለቅኩ ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ለሱ ክብር ብዬ ነው። እዚህ ጋ እንዳትዘልዪ። የጻፍኩትን በሙሉ አንብቢለት። ድምፅሽንም አትቀይሪ።

አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? አንተ አልነገርከኝም፤ ሚሚንም አትናገሪ ብለህ አስምለሃታል። ጠብታውን ከተውክ ሰባት ወር ሆኖሃል አለችኝ። «አላሻለኝም» ብለህ ነው አሉ። አላሻለህማ! ግላኮማ እንዲሻል አይደለም የሚጨመረው፣ እንዳይብስ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሠርቼ ይህን ለአባቴ ሳላስረዳ መቅረቴ ያናድደኛል። ያንተ ዓይነቱ አያምም። ከዳር ከዳር ነው የሚበላው፤ መሃሉ ደህና ስለሚመስል ሰው አይነቃም። የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በአጭር ቀዶ ጥገና ይነሳልህ ነበር። በግላኮማ የሄደው ግን አይመለስም። የቀረውን ማቆየት ነው የሚቻለው፣ እሱም ጠብታው በየቀኑ በሰዓቱ ከገባ። መጀመሪያ ያየህ ሰው «የዕድሜ ነው» ብሎ ሸኘህ አሉ። እሱን አሁን ተወው። ሚሚ ጠብታዋን ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጥልህና ቀዝቀዝ ስትል ዓይንህ ውስጥ መግባቷ ይታወቅሃል። መግባቷን ሳታውቅ ጉንጭህ ላይ ስታፈሳት ከርመህ ይሆናል እኮ። ፍሪጅ ይቻል እንደሆነ ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን መጀመሪያ ታንብብ።

ይህን ብቻ ጽፌ ላቆም ነበር። አልቻልኩም።

በ1992 የቴአትር ጥበባት ተማሪ ሳለሁ የጻፍኩትን ቴአትር ልታይ መጣህ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ግራጫ ካፖርት። እኔም እጫወት ነበር። መድረክ ላይ ሆኜ መብራቱ ዓይኔን ይወጋኝ ነበር፣ ቢሆንም አንተን አይቼሃለሁ። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ፣ ፈተና ላይ እንደቆመ አስተማሪ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስንት ሰጠኸኝ አልኩህ። መጠየቅ አልነበረብኝም። «4½» አልክ። ከዚያ ትንሽ አሰብክና «ግማሿ ለድፍረትሽ» አልክ።

እማዬ መስኮቱን ታይ ነበር።

4 ብትለኝ እችለው ነበር። 4 ውድቀት ነው፣ ያልቃል። ግማሿ ናት ሃያ አምስት ዓመት ያልለቀቀችኝ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ሁለቴም ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍኩም። የታክሲው ወንበር ይመጣብኛል፣ የተቀደደው፣ ስፖንጁ የወጣው። ጥፋቱ ያንተ ነው አልልም። ልጆች፣ ሥራ፣ ሌሊት መንቃት፣ ሁሉም አለ። ቴአትሩም ምናልባት 4½ ነበር። ዛሬ ባየው እኔም ከ5 አላስበልጠውም። ግን አባባ፣ በዓይንህ ላየኸው የልጅህ ቴአትር 4½ ሰጥተህ፣ ላላየኸው ፊልም 9!

ይኸው ወጣልኝ። ተናደህ እንደሆነ ሚሚን ቡና አፍይልኝ በላት፣ ቀሪውን ከቡና በኋላ ታንብብልህ።

ያንን አረንጓዴ ከየት እንዳመጣኸው ሳስብ ነው የከረምኩት። ዋሽተሃል ብዬ ነበር መጀመሪያ። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ልጆቹ ኦሮምኛ ሲያወሩ ሰማህ፣ የጫት ቅርጫት ሲንኮሻኮሽ ሰማህ፣ ቀሪውን ራስህ ቀባኸው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ መብራት አጥፍተህ ነበር የምታዳምጠው። እኔና ሚሚ ጨለማውን ፈርተን አንተ ላይ እንለጠፍ ነበር። «ዝም በሉ፣ እያየሁ ነው» ትለን ነበር። እያየሁ ነው!

ስለዚህ ከእሁድ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። እኔ ፊልሙን እዚህ እከፍታለሁ፣ አንተ እዚያ ትከፍታለህ፣ ስልኩ እንደተያያዘ ይቆያል። የሚታየውን እነግርሃለሁ። «አሁን በሩ ተከፈተ፣ አሮጊቷ ገባች፣ ነጠላዋ ተገልብጧል» እያልኩ። ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ እንደገና ደውለን እንቀጥላለን። ቀለም ካለው ቀለሙን እነግርሃለሁ፣ ከሌለውም የለውም እልሃለሁ። አንተም ያላየኸውን አላየሁም በለኝ። ለዚህ ነጥብ አልቀንስብህም።

75 ዓመትህ በሚቀጥለው ወር ነው። ልደት እንደማትወድ አውቃለሁ። በዚያ ሳምንት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሹራብና ለሚሚ ልጅ ጫማ ይዞልኝ ይመጣል። ጠብታውንም እዚህ በሐኪም ማዘዣ ካገኘሁት እልካለሁ፣ ካልሆነ ሚሚ ከዚያው ትግዛ፣ ብሩን ልኬላታለሁ። ትርፍ ጠርሙስ ሳይኖር የተጀመረው እንዳያልቅ።

ቀጠሮህ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሚሚ ፈቃድ ወስዳለች፣ አብራህ ትገባለች፣ ደጅ ጠብቂኝ እንዳትላት። ባለፈው ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አንብብ ሲሉህ ከፊትህ የገባው ሰውዬ ያነበበውን ሰምተህ ነው አሉ የደገምከው። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ፣ አንድም ሳትስት! አባባ፣ ከጎኑ የሚቀዳ ተማሪ ስትይዝ ምን ታደርገው እንደነበር እኔ አልነግርህም። ሐሙስ የሚታይህን ብቻ አንብብ።

ልጅህ