ይድረስ ለእቴቴ፤ ስለ እማዬ ጨጓራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ። እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ለሁሉም አንቺው አዳርሺልኝ፤ ዛሬ የምጽፍልሽ ብዙ ነው።

ያን ዕለት ስልኩን የዘጋሁት አኩርፌ እንዳይመስልሽ። የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ነበር። ትንሽ አኩርፌም ነበር እንጂ ምን ይደበቃል። «እማዬን ጥቁር ደም አስመለሳት» አልሽኝ። ትንፋሼ ሳይመለስ ደግሞ «ጨጓራዋን የበላው ያንተ ሐሳብ ነው፤ ድምፅህ ሲጠፋ ነው የጀመራት» ብለሽ ጨመርሽበት። የመጀመሪያው አስደነገጠኝ። ሁለተኛው እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ብሩን ልኬያለሁ። በአንቺ ስም ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን በቴሌግራም ታገኚዋለሽ። አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ የእማዬ ምርመራ ይከፈልበት፤ የተረፈው ለታናሻችን ሠርግ ይሁን። «ሠርጉ ይለፍና እናሳያታለን» የሚባለውን ነገር መስማት አልፈልግም። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ጨጓራዋን ትታይ ብሎ ወረቀት ጽፎላችኋል። ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ ምን ይሠራል? መንገዱ ሰላም ከሆነ በዚህ ሳምንት ይዘሻት ውረጂ። «አሁን እኮ ተሽሏታል» ትይኝ ይሆናል። የሰጧት ኦሜፕራዞል አሲዱን ስለሚቀንስ ነው። ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ቁስሉን ያመጣው ነገር ግን እዚያው ተቀምጧል።

ይህን ከየት አመጣኸው ማለትሽ አይቀርም። ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አታንብቢላት።

ባለፈው ክረምት ድምፄ የጠፋው ስልኬ ተሰብሮ አልነበረም። ሆስፒታል ተኝቼ ነው። በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ከዚያ በፊት ሆዴን ሲሞረሙረኝ ከርሟል፤ በተለይ ሌሊት ባዶ ሆዴን ስሆን። ሰገራዬ ጠቁሮ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። እኔ ድካም ነው እላለሁ። ለካ ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። ደም ሰጡኝ፤ በአፌ ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩት፤ ቁስሉ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነበር።

ብነግራችሁስ ኖሮ? እማዬ ስለት ትሳላለች፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ታናሻችን ትምህርቷን ትታ ሆዷ ይባባል። አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣልኝ የለ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዛሬም ቢደገም ዝም ነው የምለው፤ በዚህ አትቆጪኝ። አሁን ድኛለሁ፤ እውነቴን ነው።

ያከመችኝ ሐኪም «ከቤተሰብህ ጨጓራ ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ። ከእኛ ቤት ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌሊት እየተነሣ ወተት ይጠጣ የነበረውን አስታወስኩት። የእማዬን የተልባ ማሰሮም አስታወስኩት። ሐኪሟ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ስለሚባል ባክቴሪያ ነገረችኝ። ጨጓራ ውስጥ ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከቤተሰብ ይይዘዋል፤ ካልታከመ ዕድሜ ልክ አብሮ ይቆያል። ከአንድ መሶብ በልተን፣ በአንድ ጣሳ ውኃ ተቀባብለን ያደግን ልጆች ነን። ማን ለማን እንዳስተላለፈ እንግዲህ ማን ያውቃል።

አንቺ በሐሳብ ነው ትያለሽ። ፈረንጆቹም እስከ ቅርብ ጊዜ እንዳንቺ ነበር የሚሉት። ጭንቀት ነው፣ ቅመም ነው ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች የለም ባክቴሪያ ነው ሲሉ የሚያምናቸው ጠፋ። ማርሻል በፈረንጆች 1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና ታመመ፤ ጨጓራው ተቆጥቶ በካሜራ ታየ። በ2005 ለሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሰውዬው ይህን ሁሉ የሆነው ከአንቺ ወቀሳ ሊያድነኝ ይመስለኛል።

ሐሳብ ሕመሙን ያባብሰዋል፤ እሱን አልክድም። እናትን ስለ ልጅሽ አታስቢ ማለትም አይቻልም። ስልክ ሳልደውል ስቀር በሩን እያየች እንደምትውል አውቃለሁ። ስለዚህ እየወቀስሽኝም ቢሆን እውነት አለሽ፤ ግን ቁስሉን በእኔ አታድርጊው።

ደግሞ ሌላም አለ። መስኮቱ ላይ ያለው ትልቁ የፕላስቲክ ጠርሙስ! ከአሜሪካ የሚገባ ዘመድ ሁሉ «ለጉልበትዎ» እያለ የሚያስታቅፋት አይቡፕሮፌን። እሱ ሲያልቅባት ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ታስገዛለች። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን መከላከያ ያሳሱታል። በእሷ ዕድሜ፣ በባዶ ሆድ፣ ባክቴሪያውም ካለባት ደግሞ አስቢው። ዛሬውኑ ሰብስቢና ደብቂው። ለጎረቤትም እንዳትሰጪ። ጉልበቷን ካመማት ፓራሲታሞል ትውሰድ። ኢንዶስኮፒውን ለሚሠራው ሐኪምም ይህን ክኒን ስትወስድ እንደኖረች ንገሪው፤ እሷ ብትጠየቅ «ምንም አልወስድም» ነው የምትለው። ከውጭ የመጣ ክኒን ለእማዬ መድኃኒት አይደለም፤ ስጦታ ነው።

ባክቴሪያው ከተገኘባት ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው። እዚያ የሚሰጡት አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ነው፣ ጠዋትና ማታ። ለእኔ የሰጡኝ ሌላ ዓይነት ነበር፤ በቀን አራት ጊዜ የሚዋጥ፣ አፍን ብረት ብረት የሚያሰኝ፣ ምላስን የሚያጠቁር። መሐል ላይ ልወረውረው ነበር። እማዬም ትንሽ ቀለል ሲላት «በቃኝ» ትላለች፤ አትስሚያት። ከተቋረጠ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ጨርሳ ቢያንስ አራት ሳምንት ከቆየች በኋላ መጥፋቱ ይታይላት። ያኔ በደም ምርመራ እንዳትሸወዱ። ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ደም ውስጥ ምልክቱ ይቆያል። የሰገራውን ወይም የትንፋሹን ምርመራ ጠይቂ። ኦሜፕራዞሉን ከምርመራው በፊት መቼ እንደምታቆም ሐኪሙ ይንገራችሁ። አንቺም ቃር አይለቀኝም ስትዪ ነው የኖርሽው፤ እግረ መንገድሽን ታዪ።

አሁን ከባዱ ነገር። ጾሙ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ እንኳን አትቀምስም። ኦሜፕራዞል ደግሞ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚዋጥ ነው። ቁርስ ከወዴት ይምጣ? እኔ ብነግራት «አሜሪካ ገብተህ ጾም ልታስፈታኝ ነው?» ብላ ትቆጣለች። የንስሐ አባቷ ቤት ሂጂና ደም እንዳስመለሳት ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች፤ እሳቸው ከፈቀዱላት ትሰማለች። ጠበሏን ትጠጣ፣ ማን ይከለክላታል። መድኃኒቷን ግን አትተው። ተልባውም ለጊዜው ያለሰልሳት ይሆናል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም።

«አንተስ ምን ትበላለህ?» ማለቷ አይቀርም። ደህና እበላለሁ በያት። ሐኪሟ በርበሬ አልከለከለችኝም፤ በርበሬ ቁስል አያመጣም፣ ካቃጠለህ ግን ተወው ነው ያለችኝ። አቃጠለኝ፣ ተውኩት። አልጫ የሕፃን ምግብ ነው ብዬ ሳሾፍ የነበርኩት ሰውዬ ዛሬ ምስር አልጫ ሠርቼ ለሳምንት አስቀምጣለሁ። ሌሊት ስሠራ ድንችና ሙዝ በምሳ ዕቃ እይዛለሁ፤ ሆዴን ባዶ አላሳድረውም። ቦታዬ ላይ ስበላ አለቃዬ ፊቱን ያጠቁራል። ያጥቁር። ቢራውን ተሰናብቼዋለሁ፤ ሲጋራው ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርግ እሱንም። የተውኩት ብቻዬን ነው፤ ማንም «ጎሽ» ያለኝ የለም፤ አንቺ በይኝ።

የቸገረኝ ቡናው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የሀገር ልጅ ቤት እንሰበሰባለን። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይቆላል፣ ሁሉም ሦስተኛውን ሳይጠጣ አይነሣም። እኔ ከአቦሉ ግማሽ ሲኒ በዳቦ እጠጣና ሲኒዬን እይዛለሁ። በረካ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ የእኛ ቤት በረንዳ ይመጣብኛል። እማዬ ጀበናውን እያዘነበለች «ይቺን ካልጠጣህ አልመርቅህም» ስትል። የላከችልኝ በርበሬ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ከፍቼ አሸተዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ሥራ ደክሞኝ ስገባ ከምግብ የሚሻለኝ ጊዜ አለ። ይህንንም አታንብቢላት።

ስለ ሙሽሪት ልመጣ ነው። የልጁን ፎቶ አየሁ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ቂም አይዝም ትል ነበር እማዬ። ቤተሰቡ ጥሩ ነው ብለሽኛል፤ አምኜሻለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባባ ቦታ ላይ ማን ተቀመጠ? አጎታችን ከሆኑ ጥሩ ነው። ምን ጠየቁ? ምን መለሱ? ማንም አልነገረኝም። እኔ ለካ ብር ላኪ ብቻ ሆኛለሁ። ይቅር፣ ይህን እንዳላልኩ ቁጠሪው። ሰርገኛው ሲመጣ በር ላይ ቆሞ አናስገባም የሚለው ጎረምሳ እኔ መሆን ነበረብኝ። አሁን እንኳን ጎረምሳም አይደለሁ፤ ጢሜ ሸብቷል።

እንዳልመጣ የመኖሪያ ወረቀት ኬዜ ገና ነው። ቀጠሮው ይራዘማል፣ ደግሞ ይራዘማል። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። «የእነ እከሌ ልጅ በየዓመቱ ይመጣል» አትበዪኝ። የእነ እከሌ ልጅ ወረቀት አለው። ለታናሻችን አስረጂልኝ፤ እሷ ሳትቀየመኝ አትቀርም፤ ስደውል ድምፅዋ አጭር ነው። መልሱ ቀን በኢሞ አስገቡኝ፤ ስልኩን ግን ለልጆች አትስጡት። ባለፈው ክርስትና ላይ ጣሪያ ሳይ ነው የዋልኩት።

እማዬን ጠላ ጠመቃ ላይ እንዳታቆሟት። ጌሾ ወቀጣ፣ በርበሬ ድለዛ የለም። እሷ ካልነካችው የሚጣፍጥ አይመስላትም። ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ትዘዝ። ደግሞ ይህን ያዢ፤ እንደገና ጥቁር ወይም ደም ካስመለሳት፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ካዞራት፣ ወይም ሆዷን ድንገት ይዟት እንቢ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት። ይንጋ አትበዪ። መኪና ያለው ጎረቤት ካሁኑ ተነጋግረሽ ቁጥሩን ያዢ።

የኢንዶስኮፒውን ውጤት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ካስፈለገ ብር እጨምራለሁ፤ ከየት እንደማመጣው አትጠይቂኝ። ከፋሲካ በፊት ሀገር የሚገባ ልጅ አለ፤ የሙሽሪትን ጫማ እልክበታለሁ። ቁጥሯ 38 ነው ወይስ 39? ዛሬ ካልነገርሽኝ አይደርስም።

ወንድምሽ