ምሰሶው ስንት ክንድ ይቀበራል?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ ፎቶውን ለእታለም ልኬላታለሁ፣ ታሳይዎት። ካዩት ማለቴ ነው። የዓይንዎን ነገር እመለስበታለሁ።

ባለፈው በስልክ «አሁንም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነሽ?» ብለውኝ ነበር። መስመሩ ስለተቋረጠ መልሱን እታለም ታንብብልዎት።

እዚህ ሆላንድ፣ በራይን ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ሮማውያን የጦር ሰፈሮች ደርድረው ነበር። ወንዙ ድንበራቸውም መንገዳቸውም ነው፤ እህሉና ወይኑ በጀልባ ይመጣላቸው ነበር። አንዱ ሰፈር ፋልከንቡርግ ከሚባል መንደር ሥር ነው፤ በፈረንጆች በ40 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ። መንደሩ በ1940 በጦርነት ሲፈርስ ፋን ኺፈን የተባለ ሊቅ ከ1941 ጀምሮ ቆፈረውና፣ ሰፈሩ በራሱ ፍርስራሽ ላይ ደጋግሞ እንደተሠራ አገኘ። በ69 ዓ.ም.፣ ባታቪያውያን የተባሉ የአካባቢው ሕዝቦች በሮማውያን ላይ ባመፁ ጊዜ፣ ተቃጥሏል። ድንጋይ በብዛት የገባው በመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው እንጨትና ጭቃ ነው።

ግድግዳውን እርስዎ ያውቁታል፤ ቋሚ ይተከላል፣ በመሃሉ ጨንገር ይጠለፋል፣ በሁለቱም በኩል ጭቃ ይመረጋል። ቤቱ ሲቃጠል ጭቃው እንደ ሸክላ ይበስልና የጨንገሩን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ጨንገሩ ከጠፋ ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖት፣ ቦታውን ዛሬ በጣት መዳሰስ ይቻላል።

በሸኙኝ ዕለት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ጭቃ ለመጫር ነው በሬዬን ያሸጠችኝ?» ብለዋል። አልረሳሁትም። ጭቃ መርገው ያሳደጉኝ እርስዎ፣ ስለ ጭቃ እንዲያ ማለትዎ ነው ያመመኝ። ስለዚህ ምን እንደምንጭር ልንገርዎ።

እንጨቱ ያልበሰበሰው ከከርሰ ምድር ውሃ በታች አየር ስለማያገኝ ነው። ለመቆፈር ግን ውሃውን በፓምፕ መሳብ ግድ ነው፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይገባል፣ መበስበሱም ይጀምራል። ስለዚህ መቸኮልም መዘግየትም ያበላሻል። ኤክስካቫተሩ ጥርስ የሌለው አካፋ ይገጠምለታል፤ ጥርስ ካለው አፈሩን አርሶ ምልክቱን ያጠፋዋል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እየላጠ ይወርዳል፣ በየንጣፉም ብረት መፈለጊያ ይዞርበታል። ከዚያ በኋላ ሥራው የእጅ ነው።

የበሰበሰ ምሰሶ እንደ ጠቆር ያለ ክብ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ግማሹን ብቻ እናወጣለን፤ ሌላው ግማሽ የሚነሳው ፊቱ ከተሳለና ከተለካ በኋላ ነው። ምሰሶው ሲተከል ዙሪያውን የተጠቀጠቀው አፈርና ምሰሶው ሲጠፋ ቦታውን የሞላው አፈር ይለያያሉ። በመጀመሪያው ውስጥ ያለ ሳንቲም ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ወይም ሲሠራ የወደቀ ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ ያለው ከፈረሰ በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው የቤቱን ዕድሜ ያዛባል፤ ስህተቱንም ተመልሶ ማረም አይቻልም።

ደህና እንጨት ሲገኝ ብረት አናስነካውም። በጣት፣ በፕላስቲክ ማንኪያና በቀጭን የውሃ ርጭት ይጸዳል። ውስጡ ተበልቶ ቅርጹን የያዘው ውሃው ብቻ ስለሆነ፣ ከደረቀ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል፤ መልሶ ቢነከርም አይድንም። እርጥብ ስፖንጅና ጥቁር ፕላስቲክ ሁልጊዜ አጠገባችን አለ። በኋላ ውሃውን ቀስ በቀስ በሰም መሰል ነገር ተክተን፣ በብርድ እናደርቀዋለን፤ ብዙ ወራት ይወስዳል። ኦክ የሚባለው ዛፍ ከሆነ፣ ግንዱ በየዓመቱ የሚጨምረው ቀለበት ይቆጠራል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ከተረፈ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ይታወቃል፤ ካልተረፈ ግምት ብቻ ነው። አንድ ግዴለሽ ብሩሽ ያንን ዓመት ሊጠርገው ይችላል።

ፓምፑ ሌሊት ከቆመ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ጎኑም ይናዳል። ስለዚህ ተረኛ ያድራል። የመስከረም መጀመሪያ ተራ የእኔ ነው።

ለእንቁጣጣሽ አልመጣም፣ አባባ። ከላይ ጀምሮ ይህን ለማለት ነበር።

ለገና ትኬት ቆርጫለሁ። እስከዚያ ይቆዩኝ። የዓይን ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ እንደቀሩ እታለም ነግራኛለች፤ አይቆጧት፣ እኔ ነኝ አስገድጄ ያስወራኋት። ሞራ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ሳጥኑን ይዘው ይሂዱና ለሐኪሙ ያሳዩ። ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ለጣሪያው እንዳያውሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። እኛ የምናገኘው የምሰሶውን እግር ብቻ ነው፤ ከመሬት በላይ ስንት እንደነበር ከተቀበረው ነው የምንገምተው። እርስዎ ለሦስት ሜትር ቋሚ ስንት ክንድ ይቀብሩ ነበር? እግሩን በእሳት ለብለብ የሚያደርጉትስ ለምስጥ ነው ወይስ ለእርጥበት? እርስዎ ይንገሯት፣ እታለም ትጻፍልኝ።

ልጅዎ