የታሪክ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ተብሎ አይቀነስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጆች ያነበቡትን አይረዱም የሚለው ስሞታ በተነሳ ቁጥር ትምህርት ቤቶች የሚቀናቸው ከታሪክና ከኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ቀንሶ ለቋንቋ መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ልጆችን እስከ አምስተኛ ክፍል የተከታተለ ጥናት ግን በቀን 30 ደቂቃ ተጨማሪ የኅብረተሰብ ትምህርት ያገኙት በንባብ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። ለቋንቋ ትምህርት ከተጨመረው ሰዓት ጋር ግን እንዲህ ያለ መሻሻል አልታየም። ይህ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ክፍለ ጊዜ ከመቀነስ በፊት ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

ጽሑፍ የሚገባን ስለ ጉዳዩ አስቀድመን የምናውቀው ነገር ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ ጥናት ስለ ቤዝቦል የሚያወራ ጽሑፍ ከቀረበላቸው ተማሪዎች መካከል በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ግን ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጨዋታውን የማያውቁትን ጎበዝ አንባቢዎች በልጠዋል።

ታሪክ ለንባብ የሚጠቅመው ግን ተነቦ ሲማሩት ነው። ዓመተ ምሕረት መሸምደድና ከሰሌዳ መገልበጥ ማንንም አንባቢ አያደርግም።

ለአራተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ79 ጣሊያን ውስጥ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፖምፔ የተባለችውን የሮማውያን ከተማ የቀበረበትን ታሪክ እንውሰድ። ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው ምንባብ ይበቃል። ከማንበብ በፊት አምስት ቃላት ብቻ ይብራሩ፤ 15 ከሆኑ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሳይዝ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። መጀመሪያ መምህሩ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ልጆቹ በጣት ይከተሉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ተራ በተራ ያንብቡ። አንድ ልጅ ቆሞ ሲያነብ ሌላው የሚቀመጥበት የተለመደው አካሄድ ለብዙኃኑ የባከነ ጊዜ ነው።

በአማርኛ ምንባብ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠፋባቸው ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ስለሚመጣ እዚያ እስኪደርሱ ማን ምን እንዳደረገ ይረሳሉ። ስለዚህ መምህሩ እዚያው ያስቁማቸውና «ማን? ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቅ፤ «እሱ» የተባለው ማን እንደሆነም በጣት ያሳዩ።

ቀጥሎ ይጻፉ። «የፖምፔ ቤቶች እስከ ዛሬ ቆይተዋል፤» የሚለውን ሰጥቶ በ«ምክንያቱም»፣ በ«ነገር ግን» እና በ«ስለዚህ» ሦስት ጊዜ ማስጨረስ ነው። አመዱ እንደሸፈናቸው፣ ብዙ ነዋሪ እንዳለቀ፣ የዛሬ ተመራማሪዎችም የያኔውን ኑሮ ማየት እንደቻሉ ያልገባው ልጅ ሦስቱንም ሊጨርስ አይችልም። ከአሥር የምርጫ ጥያቄ ይልቅ ይህ ለመምህሩ ብዙ ይነግረዋል።

በሁለተኛው ሳምንት የዓይን እማኝ ይግባ። ሮማዊው ጸሐፊ ታናሹ ፕሊኒ ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ፍንዳታውን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሆኖ አይቶታል፤ የጻፈው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ነው። ደብዳቤው በቀላል አማርኛ አጥሮ ይቅረብና ልጆቹ ምኑን በዓይኑ አይቶ፣ ምኑን ከሰው ሰምቶ እንደጻፈ ለይተው ያስምሩ። አጎቱ በዚያው ፍንዳታ የሞተበትን ቦታ እሱ አላየም፤ እንዲህ ያለውን ለማግኘት ደግሞ መልሶ ማንበብ ግድ ነው።

በአንድ ርዕስ ላይ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ርዕስ ከተቀየረ አዲሶቹ ቃላት ተመልሰው ስለማይመጡ አይያዙም።

ፊደል ገና ያልለየ ልጅ ግን በዚህ አይድንም። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው፣ 231ዱንም፣ ፈጥኖ እስኪለይ ድረስ የፊደል ልምምዱ በየቀኑ ለብቻው ይቀጥል፤ ታሪኩን እስከዚያው መምህሩ ሲያነብ ይስማ፣ በቃል ይመልስ።