ቤት ድረስ የሚመጣ መርፌ፣ ለየትኛው ቤት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ኤችአይቪ የረጅም ጊዜ መርፌ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። መርፌው በየስድስት ወሩ ለሁሉም ይሰጣል፤ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ቢወጋ ከወረፋም ከሰው ዓይንም ይገላገላል ይላል። ፎቶም አለው። ሰፊ ሳሎን፣ መጋረጃ፣ ሶፋ። ሶፋው ብቻውን የኔን ክፍል ይሞላል።

እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዷን ክፍል ለአራት ነው የተከራየናት። የግቢው በር አንድ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ አከራያችን ሳታይ አያልፍም። እንግዲህ ነርሷ የመድኃኒት ሳጥኗን ይዛ ስሜን እየጠራች ስትገባ አስቡት። ቡና ይፈላላ! ጎረቤትም ይጠራ! ከሰው ዓይን የተገላገልኩት ያኔ ነው።

ለኔ መደበቂያዬ ክሊኒኩ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ የመጣው በኔው ጉዳይ ነው፤ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል የለም። ክኒኔን ተደብቄ የምውጠው ቤት ነው።

ስሌቱንም እንየው። ጤናው የተረጋጋ፣ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) የወረደ ሰው ዛሬ የስድስት ወር ክኒን ተቀብሎ ይሄዳል። በዓመት ሁለቴ ብቅ ማለት ነው። ለሕክምና የሚሰጡት መርፌዎች፣ ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ወሩ ነው የሚወጉት። ሁለት መርፌ፣ ግራና ቀኝ መቀመጫ ላይ፣ በባለሙያ እጅ። ሪልፒቪሪኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ይፈልጋል። የተወጋው ቦታ ለቀናት ሊያም ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይኼ ቀላል አይደለም። እና በዓመት ሁለት የክሊኒክ ቀጠሮዬን በስድስት የነርስ ጉብኝት ልትለውጡልኝ ነው? እግዜር ይስጥልኝ።

«በየስድስት ወሩ» ያላችሁትማ ሌላ መድኃኒት ነው። ሌናካፓቪር ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2017 የመከረው ቫይረሱ ለሌለባቸው ሰዎች መከላከያ እንዲሆን ነው። ለሕክምና የመከረው በዚያው ወር የሁለት ወሩን ነው፤ እሱም በክኒን ቫይረሱ ለወረደላቸውና ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ለሌለባቸው። ምክንያት አለው። የምንውጠው ክኒን ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር ሄፓታይተስ ቢንም ያክማል፤ መርፌው ግን አያክምም። እናንተ «ለሁሉም» ብላችሁ አለፋችሁት።

መርፌውን ጠልቼ አይደለም። ክኒን ከመደበቅ የሚገላግለኝን ነገር እንዴት እጠላለሁ? ቢመጣ ከሚሰለፉት አንዷ ነኝ። ችግሬ ሰዓቱ ነው። ለቀጠሮ ፈቃድ ስጠይቅ ሱፐርቫይዘሬ በሠራተኛ ፊት «ያንቺ በሽታ ደግሞ አያልቅም?» ብሎኛል። የአቴንዳንስ ቦነሴም ቀርቷል። ዘጋቢያችሁ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ እንደኔ ክፍል ተጋርተው ከሚኖሩት አንዷን ቢጠይቅ ኖሮ እሁድ ወይም ማታ የሚከፈት ክሊኒክ ትጠይቀው ነበር። ነርስ ወደ ቤቷ እንዲልክባት አትለምነውም።

አልጋ ላይ ለዋሉ፣ ጤና ጣቢያ ለራቃቸው ቤታቸው ድረስ ይሂድላቸው፤ ማን ይቃወማል? እኔ ጋ ግን ሳትጠይቁኝ ማንንም አትላኩብኝ። የስድስት ወሩንም ነገር አርሙት፤ ክፍል የምትጋራኝ ልጅ አንብባው ለሌሎቹ እያወራች ነው፣ እኔም ላርማት አልችልም።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ