ለባልና ለሚስት አንድ ጠበቃ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እዚህ ጎንደር ባልና ሚስት በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ብዙውን ጊዜ የባል ወንድም ወይም አጎት ጠበቃ ይይዛል፤ ያው ጠበቃ ለሁለቱም ይቆማል። ችሎት እስኪጠራ ሚስቲቱ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ጠበቃው የሚያነጋግረው ባልየውን ነው። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ማለት ስለለመድን ማንንም አይደንቀውም። እኔን ግን ያስጨንቀኛል።

ሕጋችን ባልና ሚስትን እንደ አንድ ተከሳሽ አያይም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዋና አድራጊውን በአንቀጽ 32፣ አነሳሹን በ36፣ አባሪውን በ37 ለያይቶ ያስቀምጣል። ባሏ የሰረቀውን ዕቃ አልጋ ሥር አግኝታ ዝም ያለች ሴት፣ እሱ ሲሰርቅ በር ላይ ቆማ መንገድ ካየችለት ጋር እኩል አትጠየቅም። እንዲያውም አንቀጽ 83 ነገሩ ከባድ ወንጀል ካልሆነ፣ በትዳር ወይም በሥጋ የቀረበውን ሰው ለሸሸገ ዳኛው ቅጣት እንዲያቀል ይፈቅዳል። ተገድዳ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 71 እና 72 አሉላት፤ ልትቋቋመው በማትችለው ኃይል ከሆነ አትጠየቅም፣ መቋቋም ትችል ከነበረ ቅጣቱ ሊቀልላት ይችላል።

ታዲያ «አስገድዶኝ ነው» የሚለውን ክርክር ለባልየውም የቆመ ጠበቃ እንዴት አድርጎ ያቀርበዋል? እሷን የሚያስፈታት ቃል እሱን የሚያሳስር ነው። ባልም በሚስቱ ግፊት የሚገባበት ጊዜ አለና ነገሩ ለእሱም ያው ነው።

ሚስት ሁሉ ተገድዳ ነው ማለቴ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ከባሏ ጋር በልጃገረዶች ግድያ የተጠየቀችው ካርላ ሆሞልካ «ባሌ እየደበደበ አስገደደኝ» ብላ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዐቃቤ ሕግ ጋር በ12 ዓመት እስራት ተስማማች፤ በኋላ እጅ የገቡት የቪዲዮ ካሴቶች ግን በልጃገረዶቹ ላይ በተፈጸመው ግፍ የእሷም እጅ ከተባለው በላይ እንዳለበት አሳዩ። እውነቱ በግምት አይገኝም። ሁለት ሰዎች አንዱ ብቻውን የማይደፍረውን ይደፍራሉ፤ ከመጀመሪያው ጥፋት በኋላ ደግሞ ምስጢሩ ራሱ ያስራቸዋል። ፍቅሩ፣ ፍርሃቱ፣ የልጆቹ ነገር፣ በባል እጅ ማደሩ አንድ ላይ ተደበላልቆ ሳለ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ የምትጠየቅ ሴት የትኛው እንደገፋት አትናገርም። ፈረንሳውያኑ ሐኪሞች ላሴግና ፋልሬ እ.ኤ.አ. በ1877 የጻፉት ስለ ሕመም ቢሆንም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተጋባ ቅዠት ሲያጋጥማቸው የመከሩት ሁለቱን መለየት ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ተከላካይ ጠበቆች ሥራ እንደሚበዛባቸው አይጠፋኝም። ቢሆንም ዳኞቻችን በመጀመሪያው ቀጠሮ ሚስቲቱን ለብቻዋ «ይህን ጠበቃ የመረጥሽው አንቺ ነሽ?» ብለው ይጠይቁልን። እናንተም የባልና ሚስት ክስ ስትዘግቡ ለእያንዳንዳቸው ማን እንደቆመላቸው ጠይቃችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ፣ ጎንደር