«ጃጅተዋል» ከማለታችሁ በፊት ከመቼ ጀምሮ በሉ

ሰላም ለእናንተ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች፣

ባለፈው ስለ መርሳት በሽታ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ጥሩ ነው ብያለሁ፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በአመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚመጣን መርሳትና አንድ ትልቅ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ሲዘባርቅ የሚሆነውን ነገር አንድ ላይ ጨፍልቃችሁታል። እኛ ቤት ይሄ መምታታት አባታችንን ሊያሳጣን ነበር፣ ለዛ ነው የምጽፍላችሁ።

አባባ 81 አመታቸው ነው፣ እሁድ እለት ቁጭ ብለው የልጄን ሂሳብ ሲያርሙ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት ተነስተው ግድግዳው ላይ ሰዎች አሉ አስወጡልኝ ይላሉ፣ እኔን በሞተችው እህታቸው ስም ጠሩኝ። ሲነጋ ደህና ሆኑ፣ እኛም ቅዠት ነው ብለን አለፍነው፣ ሲመሽ ግን ባሰባቸው። ሰው ሁሉ «በቃ ጃጅተዋል እኮ፣ እድሜ ነው» አለን፣ የወሰድንበት ክሊኒክም ከዛ የተለየ ነገር አልነገረንም። ሐሙስ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ። ቀኑን ሙሉ ተኙ፣ ስንጠራቸው አይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ይከድናሉ፣ እኛ ምን አልን መሰላችሁ፣ ተመስገን አረፉ! አልን።

ለካ የሚያስፈራው እሱ ነው። ሀኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል፣ በሰአታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ፣ መለስ ቀለስ የሚል፣ ሀሳብን መሰብሰብ የሚያሳጣ የአእምሮ መታወክ ነው። የሚጮኸውንና የሚታገለውን ሰው ሁሉም ያየዋል፣ ፈዞ የሚተኛውን ግን ማንንም ስለማያስቸግር ማን ልብ ይለዋል? አንዳንዱ ላይ እንደ አባባ ሁለቱም ይፈራረቃሉ።

አርብ ሌላ ሀኪም ጋ ወሰድናቸው፣ ልጅ እግር ናት፣ ገና እንደገባን «እንዲህ መሆን የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችን። እስከዛ ድረስ ማንም አልጠየቀንም እኮ! ከዛ የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩላት ጠየቀቻቸው፣ እሁድ ቅዳሜ ብለው እዛው ቀሩ። ከእምብርታቸው በታች ዳሰስ አደረገችና የሚወስዱትን መድሃኒት በሙሉ አምጡ አለች። እኔ የግፊታቸውን ብቻ ነበር የያዝኩት፣ ለካ ወንድሜ ለጉንፋን ብሎ ያለ ማዘዣ የገዛው ኪኒን አለ፣ እንቅልፍም ያመጣላቸዋል ብሎ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ይሰጣቸው ነበር። ውስጡ ዳይፌንሃይድራሚን አለው፣ የአለርጂ መድሃኒት ነው፣ በዚህ እድሜ አእምሮን ያዛባል፣ ፕሮስቴቱ (ከፊኛ ስር ያለችው የወንድ እጢ) ያበጠ ሰው ላይ ደግሞ ሽንት ሊዘጋ ይችላል። በቱቦ ሲወጣላቸው ከ1 ሊትር በላይ ነበር። ሰውየው ፊኛቸው ተወጥሮ ህመሙን መናገር አቅቷቸው ነው ሲገላበጡ የከረሙት፣ እኛ ጃጁ እንላለን።

የሁሉም ሰው መንስኤ ይሄ አይደለም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ በቂ ውሃ አለመጠጣት፣ የሆድ ድርቀት፣ የስኳር መውረድ፣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው) ማነስ፣ ህመም፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ፣ ሲጠጡ የኖሩትን አልኮል በድንገት መተው፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሶስቱ ተደርበው ነው። ትኩሳት የላቸውም ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ፣ ትልልቅ ሰዎች ኢንፌክሽን ይዟቸውም ላያተኩሳቸው ይችላል። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ለዴሊሪየም ይበልጥ ተጋላጭ ነው፣ ስለዚህ «ድሮም እንዲህ ናቸው» የሚለው አይሰራም፣ ከትናንት ወዲያ እንዴት ነበሩ ነው ጥያቄው፣ ይሄን ደግሞ አብሯቸው የሚኖር ሰው እንጂ የትኛውም ማሽን አይመልሰውም። ልክ እንደጀመራቸው በዛው ቀን ሀኪም ጋ መውሰድ ነው፣ መድሃኒቱን በሙሉ በፌስታል ይዞ። አንድ ጎን ከደከመ፣ መተንፈስ ካቃታቸው፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወይም አልነቃ ካሉ ደግሞ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቤት ከመጡ በኋላ የተማርነው፣ አለመከራከር። ሰዎች አሉ ካሉ የሉም ብሎ መጨቃጨቅ ያብሳል፣ አይዞዎት እኔ አለሁ ብሎ እጃቸውን መያዝ ይሻላል። መነጽራቸውን ፈልገን አደረግንላቸው (ሶስት ቀን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ሰው ቢያዩ ይገርማል?)፣ ሰአት ፊት ለፊታቸው አስቀመጥን፣ ቀን መጋረጃ መክፈት፣ ደግፎ ማራመድ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊት ጸጥታ። ወንድሜ እንዳይወድቁ እጃቸውን እንሰር ብሎ ነበር፣ ሀኪሟ ተቆጣችው፣ ማሰር ጭንቀቱንም ጉዳቱንም ይጨምራል አለች። ማስተኛ መድሃኒትም በራስ ጊዜ አይሰጥም።

በአራተኛው ቀን በስሜ ጠሩኝ፣ ወደ ድሮው ለመመለስ ግን ሳምንታት ፈጀባቸው፣ ወራት የሚወስድበትም አለ። አሁንም አልፎ አልፎ ያን ሌሊት ምን ብዬ ነበር ብለው ይጠይቁኛል፣ ያፍራሉ። በሽታ ነበር አባባ፣ አለፈ፣ እላቸዋለሁ። ጽሁፉን ስታርሙ ቢያንስ ‹ከመቼ ጀምሮ› የምትለዋን ጥያቄ ብታስገቡልን።

አንባቢያችሁ