በ46 አትጀምሪ

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

ሕንድ ውስጥ ስላለው ካች አውራጃ የጀመርሽውን ጽሑፍ አነበብኩት። አጻጻፍሽ ደስ ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ አለ። መግቢያው ላይ «ካች በካሬ ኪሎ ሜትር 46 ሰው ብቻ ያለበት፣ ባዶ ሊባል የሚችል አውራጃ ነው» ብለሻል። ስሌቱ ትክክል ነው። በፈረንጆቹ 2011 በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ 2,092,371 ሰው ነበረው። ስፋቱ 45,674 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስታካፍዪው 46 ይመጣል። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ «ባዶ» የምትለውን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ካች በስፋት ከሕንድ አውራጃዎች አንደኛ ነው። ኬረላ ክልል እንዳለ ቢገባበት ቦታ ይተርፈዋል። ሆኖም ሰሜኑንና ምሥራቁን የያዘው ራን የሚሉት የጨው ሜዳ ነው። በዝናቡ ወራት ውሃ ይተኛበታል። ፀሐይ ስታደርቀው ነጭ ጨው ብቻ ይቀራል። ማን ቤት ይሠራበታል? አንቺ ግን ያንን ሁሉ ጨው ለሰው እኩል አከፋፈልሽው። ሰዉ ያለው በደቡብ በኩል ነው፤ ቡጅ፣ አንጃር፣ ጋንዲዳም፣ ሙንድራ፣ ማንድቪ። እነዚህ ከተሞች ገበያ ውስጥ ስትገቢ ሰው ለሰው እየተጋፋ ነው የምታገኚው።

ጨዉም ቢሆን ጨርሶ ሰው የለበትም ማለት አይደለም። ትንሹ ራን ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ጨው አምራቾች ቤተሰባቸውን ይዘው ይገባሉ። ከመሬት ሥር ጨዋማ ውሃ እየሳቡ፣ በመደብ በመደብ እያስተኙ፣ ቀጣዩ ዝናብ እስኪመጣ እዚያው ይከርማሉ። ባኒ በሚባለው የሣር ሜዳ ደግሞ ጎሽ የሚያረቡ ከብት ጠባቂዎች አሉ። ራን መሀል ባለችው ካዲር በምትባል ደሴት ላይ ከ4,000 ዓመት በፊት ዶላቪራ የሚባል ትልቅ ከተማ ነበር። ሰዎቹ የዝናብ ውሃ በግዙፍ ገንዳ እያጠራቀሙ ነው የኖሩት። ዩኔስኮም በ2021 መዝግቦታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የካች ሕዝብ እንዴት እንደመጣ ጠይቂ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የካራቺ ወደብ ወደ ፓኪስታን ሄደ። ሕንድ በምትኩ እዚያው ካች ውስጥ የካንድላን ወደብ ሠራች። ከሲንድ ለተሰደዱትም ጋንዲዳም ተቆረቆረች። ያቺ ከተማ የስደተኛ ከተማ ነች ልጄ።

ከዚያ በፈረንጆቹ ጥር 26 ቀን 2001 መጣ። የሪፐብሊክ በዓላቸው ዕለት፣ ጠዋት። መሬት ተንቀጠቀጠ። ባቻው ከተማ ከሞላ ጎደል ፈረሰች፤ ቡጅና አንጃር ክፉኛ ተጎዱ። ከ13,000 በላይ ሰው አለቀ። ታዲያ ከዚህ በኋላ ሰዉ ጥሎ ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂም? በ2001 እና በ2011 መካከል የካች ሕዝብ በሲሶ ገደማ ጨመረ! መንግሥት አዲስ ለሚከፈት ፋብሪካ የግብር እፎይታ ሰጠ። የሙንድራ ወደብም አደገ። ሠራተኛ ከሌሎች ክልሎች ጎረፈ። ብዙው ወንድ፣ ብቻውን የመጣ። ቆጠራው ላይ ለ1,000 ወንድ 908 ሴት የሚለውን ስታዪ ይህንንም አስቢበት። እኔ ብሆን ጽሑፌን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ጊዜ ካለሽ ከቡጅ ወጣ ብላ ያለችውን አጅራክፑርን ሳታዪ እንዳትመለሺ። አጅራክ የሚባለውን ጨርቅ የሚያትሙ ሰዎች መንደር ነች። በእንጨት የተቀረጸ ማህተም ቀለም ውስጥ እየነከሩ ጥጡ ላይ በእጅ ይመታሉ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ኢንዲጎ ሰማያዊ። ጨርቁ ደጋግሞ መታጠብ ስላለበት ያለ ጥሩ ውሃ ሥራው የለም። ድሮ ዳማድካ በሚባል መንደር ነበር የሚኖሩት። ከመንቀጥቀጡ በኋላ የጉድጓዱ ውሃ ብረት በዛበት፤ ቀለሙን ያበላሽባቸው ጀመር። ብዙዎቹ ተነሥተው አዲስ መንደር መሠረቱ። ያሰፈራቸው ውሃ ነው። ይኼን ከራሳቸው አፍ ሰምተሽ ብትጽፊው እንዴት ደስ ባለኝ።

ሌላም አለ። ካች ውስጥ ሲዲ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ በባሕር የሄዱ ናቸው፤ አንዳንዱ በባርነት፣ አንዳንዱ መርከበኛና ወታደር ሆኖ። ካገኘሻቸው ሰላም በያቸው። ከየት እንደመጣሽም ንገሪያቸው።

እንግዲህ ሠንጠረዥሽን በየወረዳው ከፋፍለሽ ሥሪው፤ አሥሩንም። የራንን ስፋት ለብቻው አውጪ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። በረሃ ነው ብለሽ ደግሞ በስስ ልብስ እንዳትሄጂ፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። ቡጅ ስትገቢ ደውዪ።

እናትሽ